አቶ የተባለው ልጅ

አሜሪካኖች በኅዳር የሚያከብሩት የምስጋና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ በአላባማ በሃርዴል ከተማ የልጆች ፍርድ ቤት የተገኙት እነዚህ ነበሩ፤ ሽማግሌው ኢዜል ፔትዌይ፣ ሴት ልጁ ላቮንዳ፣ የላቮንዳ ልጅ ታቫሪስ፣ ደግሞም ማንም ሳይጠራት የመጣችው ጎረቤታቸው ኦዴሳ። ከመተላለፊያው ማዶ ኮሊን የተባለው ነጭ ልጅ በአባቱና በእናቱ መካከል ተቀምጧል። ዳኛዋ ገና አልገባችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታቫሪስና ኮሊን በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ በትምህርት ቤታቸው የሙዚቃ ባንድም ጎን ለጎን ቆመው ትሮምቦን ይነፋሉ። ታቫሪስ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ኮሊን በጥቂት ወር ይበልጠዋል፤ በቁመት ግን ታቫሪስ ይበልጣል። አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለሱ መንገድ ለማሳጠር ብለው በጎልፍ ሜዳው አቋረጡ። የኮሊን አባት እዚያ ስለሚጫወት፣ ተጫዋቾቹ የሚንሸራሸሩባት ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልፏ የት እንደሚቀመጥ ኮሊን ያውቃል። «አንድ አንድ ዙር ብቻ» አለ። አንዱን ዙር ኮሊን ነዳ፤ ሌላውን ታቫሪስ ነዳ። በታቫሪስ ዙር ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን በእግሩ ቢፈልግ አጣው፤ መኪናዋ ሁለቱን ይዛ ኩሬ ውስጥ ገባች። ፖሊሱ ሲደርስ ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ እየሳቁም እየፈሩም፣ መኪናዋን ሊያወጡ ይገፉ ነበር።

ፖሊሱ ለኮሊን ብርድ ልብስ ደረበለትና ቤቱ ድረስ ወሰደው። ታቫሪስን በካቴና አስሮ ጣቢያ አስገባው። ላቮንዳ ሄዳ እስክታስወጣው ድረስ ሱሪው አልደረቀም ነበር።

አሁን የሚፈራው ማቆያው ነው። ከከተማው ውጭ፣ ከድንጋይ መፍጫው አጠገብ፣ ጉዳያቸው እስኪታይ ልጆች የሚቀመጡበት በሽቦ የታጠረ ቤት አለ። የኦዴሳ የወንድም ልጅ ሱቅ ውስጥ ተጣልቶ እዚያ ገብቶ ያውቃል። ሲወጣ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ መቀመጥ የማይችል፣ ስሙን ሲጠሩት የሚባንን ልጅ ሆኖ ወጣ። ትምህርቱን በዚያው ተወው። ኦዴሳ ሳትጠራ የመጣችውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዋዜማው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኢዜል ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ከሁለቱ ሙሉ ልብሶቹ አንዱን አውጥቶ አልጋ ላይ ዘርግቶ ነበር። ሁለቱም ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ነው የገዛቸው። ኢዜል ዕድሜውን በቧንቧ ፋብሪካ ከእቶን ፊት ቆሞ ያሳለፈ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ቤተ ክርስቲያኑና የልጅ ልጁ ብቻ ሆነዋል። እሑድ እሑድ ከፊተኛው ወንበር፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣል፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ኮቱን አውልቆ ያየው ሰው የለም።

«አባባ፣ ሱሪው ይወርዳል» አለ ታቫሪስ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ።

«በመርፌ ቁልፍ እናስይዘዋለን። ዙር።»

ላቮንዳ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ከሥራ ገና መግባቷ ነበር። «አባዬ፣ የትምህርት ቤት ሹራቡን ቢለብስ ምን አለበት?»

«ሹራብ? ዳኛ ፊት በሹራብ? ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም እግዚአብሔር ፊት እንደሚቆም ሆኖ ነው የሚቆመው። ተዝረክርኮ የገባውን ተዝረክርኮ እንዳደገ ነው የሚያዩት።»

«ልጅ እኮ ነው።»

«ልጅነቱን ያውቁታል። ሰውነቱን ነው የማያውቁት።»

በዚህ መሃል ኦዴሳ የስኳር ድንች ኬክ በፎጣ ሸፍና በጓሮ በር ገባች። ታቫሪስን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እሰይ! ይህ ደግሞ ማነው? ሙሽራ ነው ቀብር አስፈጻሚ?»

ታቫሪስ ሳቁ አመለጠው። ኢዜል አልሳቀም። አፉ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ነክሷል።

«ኦዴሳ፣ ኬኩን አስቀምጪና ሂጂ።»

«ኬኬን ጥዬልህማ አልሄድም፤ አንተን አውቅሃለሁ፤ ለልጁ አታተርፍለትም።»

ሱሪው በአራት መርፌ ቁልፍ ከኋላ ተሰበሰበ። ጫማው ሰፋ፤ በሁለት ካልሲ ሞሉት። ኮቱ ግን ልክክ አለ። ትከሻው ላይ የተሰፋው ንጣፍ የታቫሪስን ቀጭን ትከሻ ሰፊ አደረገው። ኢዜል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። የገዛ አባቱ ትዝ አለው።

አባቱ ሉሺየስ ይባል ነበር። ግብርና የሚያውቅ፣ በቅሎ የሚገራ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ የሚል ሰው ነበር። ኢዜል ሕፃን ሳለ አንድ ቅዳሜ እህል መደብር አብሮት ሄደ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው የባለሱቁ ልጅ፣ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ፣ ጠጉሩ የሸበተውን ሉሺየስን «አንተ ልጅ፣ ጆንያውን አንሳ» አለው። ሉሺየስ ባርኔጣውን አውልቆ ጆንያውን አነሣ። በዚያ ዘመን ነጭ ሰው ጥቁርን ሰው አቶ ብሎ አይጠራም። በሃያ ዓመቱም ልጅ ነው፣ በስልሳ ዓመቱም ልጅ ነው። ሉሺየስ ልጅ እየተባለ ሞተ። በኋላ ዘመኑ ተለወጠና ኢዜልን ባንክ ቤትም ሐኪም ቤትም አቶ ፔትዌይ ይሉታል። እሱ ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም፤ በተጠራ ቁጥር ለአባቱ የተላከ ዕቃ ዘግይቶ የደረሰ ይመስለዋል።

«አሁን ስማኝ» አለው ታቫሪስን። «ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?»

«አዎ እሜቴ። አይደለም እሜቴ።»

«ማን ነዳ?»

«እኔ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ቁልፉን ያገኘው ኮሊን ነው። መጀመሪያ የነዳውም እሱ ነው።»

«እሱን ማን ጠየቀህ?»

ታቫሪስ ዓይኑን ወደ ሰፊው ጫማው ጣለ።

«ፔትዌይ በሰው ጀርባ አይደበቅም። ‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ትላለህ፤ ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ። ቀጥ ብለህ ትቆማለህ። አትቁነጠነጥም። አታለቅስም። እንደ ወንድ ቁም፤ እነሱም እንደ ወንድ ያከብሩሃል።»

«እሺ አባባ።»

ላቮንዳ ኬኩን አንሥታ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። አባቷ ስለ ልብስና ስለ አቋቋም ሲናገር ማንም አይመልሰውም።

ማክሰኞ ጧት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠባቂው ታቫሪስን አስቆመው። «ወንድም፣ ይህ የልጆቹ መግቢያ ነው። ዘመዶች በዚያ በኩል።»

«እኔ ነኝ... ልጁ» አለ ታቫሪስ።

ጠባቂው አየው፤ ወረቀቱን አየ፤ እንደገና አየው። «እሺ፣ ግባ።»

ኢዜል ይህን እንደ ምርቃት ቆጠረው። ወደ ኦዴሳ ዞሮ «አየሽ?» አላት። ኦዴሳ ከንፈሯን አሾለች።

ቀጥሎ ጠበቃዋ መጣች። መንግሥት ያቆመላቸው ጠበቃ ናት፤ ኢማኒ ትባላለች፤ ወጣት ጥቁር ሴት ናት፤ ክንዷ በመዝገብ ተሞልቷል። ከላቮንዳ ጋር ተጨባበጠች፤ ከኢዜል ጋር ተጨባበጠች፤ ታቫሪስንም በጨዋ ደንብ ጨበጠችው። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ዙሪያውን ፈለገች።

«ታቫሪስስ? አልመጣም እንዴ?»

«አሁን የጨበጥሽው ነው» አለች ኦዴሳ።

ጠበቃዋ ደነገጠች። ታቫሪስን እንደገና ስታየው ፊቷ ላይ ያለው ሥጋት ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ሹራብ ነገር ይዛችኋል? መኪና ውስጥም ቢሆን?» አለች።

«ከዚህ የተሻለ ልብስ በዚህ አገር አይገኝም፣ ልጄ» አለ ኢዜል።

«እሱማ ልክ ነው። ችግሩም...» ብላ ሳትጨርስ «ሁሉም ይነሣ» ተባለ። ዳኛዋ ገባች።

ዳኛዋ ክፉ ሴት አትመስልም። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ የከረሜላ ሳህን አለ። ሁለቱ ልጆች የተከሰሱት በአንድ መኪና ስለሆነ ጉዳያቸው አብሮ ይታያል። መጀመሪያ ኮሊንን ጠራች።

«ኮሊን፣ ና የኔ ልጅ፣ ቀረብ በል። አትፍራ።»

ኮሊን ተነሣ። እጅጌው ጣቱን የሚውጥ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሷል። ጥርሱ ላይ ብረት አለ። ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቀው ገና ሁለት ቃል ሳይናገር እንባው ወረደ። «ዝም ብለን ነበር... አንድ ዙር ብቻ ብለን... ኩሬው ውስጥ የገባው ታቫሪስ ሲነዳ ነው።» ዳኛዋ መሐረብ ሰጠችው። የከረሜላውንም ሳህን ገፋ አደረገችለት፤ ከረሜላውን ይዞ እናቱ ጉያ ገባ።

«አሁን ደግሞ አቶ ፔትዌይ ይቅረቡ» አለች ዳኛዋ።

ኢዜል ቀጥ ብሎ ተነሣ። ታቫሪስም ተነሣ። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ልብስ ቆሙ።

«እርስዎ አይደሉም፤ ይቀመጡ» አለችው በትሕትና። «ተከሳሹን አቶ ፔትዌይን ነው።»

ኢዜል ተቀመጠ። ደረቱን ሙቀት ወረረው። አቶ ፔትዌይ! በዚህ ከተማ፣ በዚህ ፍርድ ቤት፣ የሉሺየስ ፔትዌይ የልጅ ልጅ ልጅ ገና ጢም ሳያበቅል አቶ ተባለ። እጁን በጉልበቱ ላይ አሳርፎ ራሱን ነቀነቀ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደሚባለው ሆነ።

ታቫሪስ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን አላወዛወዘም።

«መኪናዋን ኩሬ ውስጥ የነዳው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ።»

«የሰው ንብረት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አዎ እሜቴ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሌላ የምትለው የለም?»

«የለም፣ እሜቴ።»

ጠበቃዋ ኢማኒ ተነሥታ ልጁ ከዚህ በፊት ምንም ጥፋት እንደሌለበት፣ ከሁለቱም በዕድሜ እሱ ትንሹ እንደሆነ ተናገረች። ዳኛዋ ጻፈች። ከዚያ ሁለቱን ልጆች አስቀድሞ ያነጋገራቸው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ የራሱን ሐሳብ እንዲሰጥ ታዘዘ። መላጣ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«ኮሊን የተሳሳተ ልጅ ነው። በጣም ተጸጽቷል፤ ዛሬም አይተነዋል። ለጥቂት ቅዳሜ የሜዳውን ቅጠል ቢጠርግ ይበቃዋል እላለሁ።» ወረቀቱን ገለጠ። «አቶ ፔትዌይ ግን ከዕድሜው በላይ የበሰለ ነው።»

ኢዜል ወደ ላቮንዳ ዞሮ ፈገግ አለ።

«የሚያደርገውን ያውቃል። አይደናገጥም። ዛሬም እንዳያችሁት ፊቱ ላይ ምንም ነገር አይነበብም። ጸጸት አላየሁበትም። ከሁለቱ መሪው እሱ ይመስለኛል። ስለዚህ ጉዳዩ በጥር እስኪታይ ድረስ በማቆያው እንዲቆይ ነው ሐሳቤ።»

የኢዜል ፈገግታ ፊቱ ላይ እንደ ደረቀ ቀረ።

«ልጄን?» አለች ላቮንዳ፣ ድምፅ አውጥታ። ኦዴሳ ክንዷን ያዘቻት።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «ትንሽ ዕረፍት እናድርግና ውሳኔዬን እነግራችኋለሁ» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ላቮንዳ ግድግዳ ተደግፋ በመዳፏ አፏን ይዛለች። ኢዜል ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆሟል።

«በደንብ ነበር የመለሰው» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «በደንብ ነው የቆመው። አቶ ብላ ጠራችው እኮ። ሰምታችኋል።»

ኦዴሳ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ሰምተናል ኢዜል! ሰምተናል! ያኛውን የኔ ልጅ ብላ ቤቱ ልትሰድደው ነው፤ ያንተን አቶ ብላ ልታስረው ነው። ደስ ይበልህ!»

«አፍሽን—»

«አልዘጋም! እኔ አንዱን ልጅ እዚያ ቤት አስገብቼ ምን ሆኖ እንደወጣ አይቻለሁ። አንተ ገና ታየዋለህ። እንደ ሽማግሌ አልብሰህ አመጣህላቸው፤ እነሱስ ምን ያድርጉ? ቀድሞውንም ልጆቻችንን ልጅ አድርገው ማየት የሚቸግራቸው ሰዎች ናቸው፤ አንተ ደግሞ አገዝካቸው።»

«ኦዴሳ፣ ተይው፣ በእግዚአብሔር» አለች ላቮንዳ።

ታቫሪስ የአያቱን እጅጌ ጎተተ። «አባባ፣ ሽንት ቤት። ሱሪውን ብቻዬን መፍታት አልችልም።»

ሽንት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ኢዜል ከኋላው ተንበርክኮ የኮቱን ጫፍ ገለጠ። አራተኛው መርፌ ቁልፍ ተከፍቶ ነበር። ሸሚዙ ላይ የሳንቲም ያህል ደም አለ። መርፌው ሥጋው ውስጥ እንደገባ ነው።

«ይህ መቼ ነው የወጋህ?»

«ሲጠሩኝ። ስነሣ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም? ለምን አትነካካውም?»

«አትቁነጥነጥ አልከኛ።» ታቫሪስ አንገቱን ወደ አያቱ አዞረ። «እንደ ወንድ ቁም አልከኝ። ቆምኩ እኮ አባባ። ጥሩ አልቆምኩም?»

ኢዜል መርፌውን ቀስ አድርጎ ነቀለው። ልጁ ሽንቱን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ሁለቱም በመስተዋቱ ታዩ። ኢዜል መስተዋቱን አየ። በአንድ ዓይነት ኮት፣ በአንድ ዓይነት ትከሻ፣ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። አንዱ ሸብቷል፤ አንዱ አልሸበተም። ያ መላጣ ሰው ያየው ይህን ነው። ልጅ የሚባል ነገር መስተዋቱ ውስጥ አልነበረም፤ ኢዜል ራሱ ሸፍኖታል።

«አባባ፣ ካስቀሩኝ መብራቱን ሌሊት ያጠፉታል?»

ኢዜል የእጅ ወረቀት ቀድዶ ሰጠውና «እጅህን አድርቅ» አለው።

ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ጠበቃዋ ሄደ። «ዳኛዋን ላናግራት እችላለሁ?»

«እጠይቅልዎታለሁ። አጭር ያድርጉት። አይቆጡ፣ አባባ፣ እባክዎን።»

«የምቆጣውስ ራሴን ነው።»

ዳኛዋ ተመልሳ ስትቀመጥ ጠበቃዋ ጠየቀችለት። ዳኛዋ ሰዓቷን አየችና «በአጭሩ» አለች።

ኢዜል ወደ ፊት ወጣ። ታቫሪስንም በእጁ ይዞ አስከተለው።

«እሜቴ፣ እኔ ዛሬ ዋሽቼዎታለሁ።»

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ብለው?» አለች ዳኛዋ።

«በአፌ አይደለም። በልብስ ነው የዋሸሁት።» የታቫሪስን ኮት ከትከሻው ላይ ይዞ አወለቀው። ኮቱ ሲወልቅ ያ ሰፊ ትከሻ አብሮ ሄደ። ከውስጡ የወጣው አጥንቱ የሚቆጠር፣ የሸሚዙ አንገትጌ የሰፋው፣ ክንዱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ልጅ ነው። ሱሪው ከኋላ እንደ ጆንያ አፍ ተሰብስቧል። ታቫሪስ እንዳይወርድ ፈርቶ በሁለት እጁ ወገቡን ያዘ።

«ይህ የኔ ልብስ ነው፣ እሜቴ። ትከሻውም የኔ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለህ አፍህን ዝጋ ያልኩትም እኔ ነኝ። አታልቅስ ያልኩትም እኔ ነኝ። እዚህ ፊቱ ላይ አላየንም የተባለው ነገር ሁሉ የኔ ትምህርት ነው።»

«ሸሚዙ ላይ ያለው ደም ምንድን ነው?» አለች ዳኛዋ፣ ከወንበሯ ዘንበል ብላ።

«መርፌ ቁልፍ ነው፣ እሜቴ» አለ ታቫሪስ። «ተከፍቶ ነው።»

«መቼ?»

«ሲጠይቁኝ።»

«እየወጋህ ቆመህ ነበር?»

«አዎ እሜቴ።» ከዚያ እንባው መጣ። ሱሪውን በሁለት እጁ ስለያዘ ሊጠርገው አልቻለም፤ ዝም ብሎ ወረደ።

ኢዜል ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። «አባቴ ሉሺየስ ፔትዌይ ይባል ነበር። በዚህ ከተማ ስልሳ ዓመት ሲሞላውም ልጅ ነበር የሚሉት። አንተ ልጅ ና፣ አንተ ልጅ ሂድ። ትልቅ ሰው ነበር፤ ልጅ አሉት። እኔም የኔን ዘር ማንም ልጅ እንዳይለው ብዬ ማልኩ። ዛሬ እርስዎ አቶ ብለው ሲጠሩት ደስ አለኝ። የሞኝ ደስታ ነው። ይህ ትልቅ ሰው አይደለም፣ እሜቴ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። መብራት ሳይበራ አይተኛም። ለአባቴ የነፈጉትን ስም ለሱ አልፈልገውም። ያኛውን የኔ ልጅ እንዳሉት እሱንም ልጅ ይበሉልኝ። ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ታቫሪስ መብራቱ በሰው ፊት በመነገሩ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ከማዶ ወንበር ኮሊን ድንገት «ቁልፉን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። አባቱ «ዝም በል» ብሎ ክርኑን ያዘው። «ግን እኮ እኔ ነኝ፣ አባዬ! መጀመሪያም የነዳሁት እኔ ነኝ።» እናቱ ቀልታ መሬት መሬት አየች።

ዳኛዋ የከረሜላውን ሳህን ወደ ታቫሪስ ገፋችው። ታቫሪስ ወደ አያቱ ዞሮ ዓይን ዓይኑን አየ። ኢዜል ራሱን ነቀነቀ። ልጁ አንድ እጁን ከሱሪው አላቆ አንዲት ቀይ ከረሜላ አነሣና «አመሰግናለሁ፣ እሜቴ» አለ።

መላጣው ሰው ተነሥቶ ጉዳዩ ግን ንብረት የወደመበት መሆኑን፣ ልጁን የሚቆጣጠር ነገር እንደሚያስፈልግ በለስላሳ ድምፁ አስታወሰ። ዳኛዋ ሰማችው። ከዚያ ወሰነች። ኮሊን ቀድሞ እንደተባለው ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠል ይጠርጋል። ታቫሪስ ማቆያ አይገባም፤ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ጉዳዩ በጥር እስኪታይ ድረስ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የት እንዳለ የሚያሳውቅ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ይታሰርለታል፤ ከቤቱና ከትምህርት ቤቱ በስተቀር የትም አይወጣም።

«ከዚህ የተሻለ ማድረግ አልችልም» አለች ኢዜልን እያየች። እንደምታምንበትም ታስታውቃለች።

ላቮንዳ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ኢዜል «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ።

ኦዴሳ ግን ከኋላ ወንበር፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ቁልፉን ላገኘው ልጅስ እግር ብረት የለም? ወይስ በልኩ አልተሠራም?» አለች። ጠባቂው መጥቶ ወደ በሩ አመለከታት። «ወጣሁ፣ ወጣሁ» አለች፤ «እግሬ እንደሁ ገና አልታሰረም።»

መቆጣጠሪያውን በታችኛው ፎቅ አንዲት ክፍል ውስጥ አሰሩለት። ጥቁር ነው፤ ወፍራም ነው፤ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለው። የሱሪው እግር ሰፊ ስለነበር ሸፈነው። ኢዜል ጎንበስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለው።

«ተወው አባባ፣ ሰው ያየዋል።»

«ይየው።»

ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ ልጁን በሸሚዝ ብቻ፣ ወደ መኪናው ወሰደው። ብርድ ነበርና ላቮንዳ የራሷን ሹራብ አውልቃ አለበሰችው። ሮዝ ሹራብ ነበር። ታቫሪስ ተነጫነጨ፤ ኦዴሳ «ዝም በል፣ አሁን ነው ያማረብህ» አለችው።

የምስጋና በዓል ዕለት ታቫሪስ ቤቱ ነበር፤ ከኦዴሳ ኬክ ሁለት ቁራጭ በላ። ኮሊን ሁለት ቅዳሜ ቅጠል ጠረገና ከቤተሰቡ ጋር ወደ አክስቱ አገር ሄደ። የትምህርት ቤቱ ባንድ ለገና በከተማው አውራ ጎዳና ሲሰለፍ ታቫሪስ አልወጣም። ቤተ ክርስቲያንም ከተፈቀደለት ቦታ ውጭ ነው ተባለ። በሚቀጥለው እሑድ ኢዜል ፔትዌይ ከፊተኛው ወንበር ጠፋ። በሹራብ ሆኖ ከልጅ ልጁ ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ታቫሪስም ትሮምቦኑን አምጥቶ ነፋ።